ሁለት ግብ የበቃበት ወር

የመጨረሻው 20 ደቂቃ ሊጀመር ነው። ሰሌዳው ዴንቨር 2፣ ቦስተን ኮሌጅ 0 ይላል። ቀኑ ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ቀን 2024። በሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ በጊዜው ኤክሴል ኢነርጂ ሴንተር በተባለው አዳራሽ ከ18 ሺህ በላይ ተመልካች ታድሟል። የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች አይስ ሆኪ የፍጻሜ ጨዋታ ነው።

የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ በረኛ ማት ዴቪስ ነው። ፊቱ በብረት ጭምብል ተሸፍኗል፤ እግሮቹ ላይ ከጉልበት በላይ የሚደርስ ወፍራም መከላከያ ታስሯል፤ በአንድ እጁ ሰፊ ዱላ፣ በሌላው የመያዣ ጓንት ይዟል። ከኋላው ያለው ግብ ወርዱ 183 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 122 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «እንዲህ የለበሰ በረኛ ይህን ጠባብ ቀዳዳ እንዴት አይሸፍነውም?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በኳስ ፈንታ በዱላ የሚመታው ጎማ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። በዚያ ላይ በረኛው አብዛኛውን ጊዜ መቺውን አያየውም። ከፊቱ የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ሆን ብሎ ይቆምበታል፣ የራሱ ተከላካይ ያንን አጥቂ ይገፋል፣ በመሃሉ እግርና ዱላ ይደራረባል። በረኛው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አንገቱን አስግጎ በእግሮች መካከል ይፈልጋል። ካላየው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ በጉልበቱ ወድቆ ሰውነቱን አስፍቶ፣ ጎማው እንዲመታው ቦታውን ይዞ መጠበቅ።

ዴቪስ በዚያ 20 ደቂቃ ውስጥ 23 ምት አዳነ። በየደቂቃው ከአንድ በላይ ማለት ነው። በጨዋታው በሙሉ 35 አዳነ፤ አንድም አላለፈውም። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ፤ ዴንቨርም 10ኛ ዋንጫውን አነሳ። በዚህ ውድድር ታሪክ 10 የደረሰ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እስከዚያች ምሽት አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ዴንቨርና ሚሺጋን እኩል በ9 ላይ ቆመው ነበር።

ስለዚህ ቡድን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የዋንጫዎቹ ቁጥር አይደለም። ያነሳሳኝ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ ሙሉ ልብስና ክራቫት ለብሶ የቆመው የ34 ዓመቱ አሰልጣኝ ነው። ዴቪድ ካርል ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሊጫወት የመጣ ልጅ ነበር፤ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ። ለምን እንደቀረና ዩኒቨርሲቲው ያኔ ምን እንዳደረገለት ሳይታወቅ፣ ይህ ዋንጫ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። የበረዶው ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ሲሆን ዙሪያው በአጥርና በመስተዋት ተከቧል። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ይሰለፋል። ፓክ የሚባለው የሚመታው ጎማ ክብ ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 170 ግራም ገደማ ነው። ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ያስቀምጡታል፤ ካልቀዘቀዘ ይነጥራል፣ አይታዘዝም። ጨዋታው በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም 20 ደቂቃ ነው። ሩጫው ከባድ ስለሆነ ተጫዋቾች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይቀያየራሉ፤ ያውም ጨዋታው ሳይቆም፣ አንዱ አጥሩን ዘሎ ሲወጣ ሌላው ዘሎ እየገባ። ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ደቂቃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑ በዚያ ጊዜ በአንድ ሰው ጎድሎ ይከላከላል። የእግር ኳስ ቀይ ካርድን የሚያውቅ አንባቢ ጭንቀቱን ይረዳዋል። እዚህ ግን ጭንቀቱ በአንድ ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

በኮሌጅ ደረጃ ያለው ውድድር ደግሞ የራሱ ባህሪ አለው። ከአገሪቱ 60 ያህል የአንደኛ ምድብ ቡድኖች ክረምቱን ሙሉ በየሊጋቸው ተጫውተው 16ቱ ተመርጠው ወደ ዋናው ውድድር ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የመልስ ጨዋታ የለም፤ አንዴ የተሸነፈ ይሰናበታል። የመጨረሻዎቹ አራት በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ የዓለም ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች አስቀድመው መርጠዋቸው የወደፊቱን እየጠበቁ ነው፤ ሌሎቹ ማንም ያልመረጣቸው፣ ምናልባትም ይህ የሕይወታቸው የመጨረሻ ትልቅ ጨዋታ የሚሆንባቸው ናቸው። የካናዳ ካልጋሪ ልጅ የሆነው ዴቪስ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የስዊድናዊው ማግነስ ክሮና ተጠባባቂ ሆኖ ቆይቶ ክሮና ሲሄድ ነው ዋናውን ቦታ ያገኘው።

በፍጻሜው የገጠማቸው ቦስተን ኮሌጅ በዚያ ዓመት ከሁሉም የተፈራ ቡድን ነበር። ሲመጣ 34 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸንፎ፣ በአንዱ ደግሞ አቻ ወጥቶ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ሚሺጋንን 4 ለ 0 አሰናብቷል። ከተር ጎቲዬ በዚያ ዓመት 38 ግብ አስቆጥሯል፤ ከአገሪቱ አንደኛ። ዊል ስሚዝ የተባለው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በግብና በማቀበል 71 ነጥብ ሰብስቧል፤ እሱም ከአገሪቱ አንደኛ። ከእሱ ጎን የሚጫወቱት ራያን ሌናርድና ጋብ ፔሮ እያንዳንዳቸው 60 ነጥብ ነበራቸው። አራቱም በፕሮፌሽናል ሊጉ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የተወሰዱ ናቸው። እንዲህ ያሉ ልጆች በአንድ የኮሌጅ ቡድን ውስጥ አብረው የሚገኙት በብዙ ዓመት አንዴ ነው።

ካርል እነዚህን አራት ልጆች በቅርብ ያውቃቸው ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር፣ በስዊድን ዮተቦሪ ከተማ በተጠናቀቀው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ያሰለጠነው እሱ ነው። ጎቲዬ፣ ስሚዝ፣ ሌናርድና ፔሮ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። አሜሪካ በፍጻሜው አስተናጋጇን ስዊድንን 6 ለ 2 አሸንፋ ወርቁን ስትወስድ አብረው ደስታቸውን ገለጹ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው እነሱን የሚያቆምበትን ዘዴ ማሰናዳት ነበረበት።

አሁን ወደ ካርል ልመለስ።

ዴቪድ ካርል የአላስካ ግዛት፣ የአንከሬጅ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ማት ካርል በዴንቨር ተከላካይ ሆኖ በ2004 እና በ2005 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሁለት ዋንጫ አንስቷል፤ በ2006 ደግሞ ለአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሆቢ ቤከር ሽልማት ወስዶ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተሻግሯል። ታናሹም ተከላካይ ነበር። በሚኒሶታ በሚገኘው ሻተክ ሴንት ሜሪስ፣ በሆኪ ስሙ በገነነ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከዴንቨር ሙሉ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ በ2008 የበጋ ወቅት የፕሮፌሽናል ሊጉን ምርጫ ይጠብቅ ነበር። ዕድሜው 18።

ከምርጫው በፊት ቡድኖቹ ዕጩዎቹን በአንድ ቦታ ሰብስበው ይመረምራሉ። ጉልበት ይለካል፣ ሳንባ ይለካል፣ ልብም ይታያል። የካርል የልብ ምርመራ ጥያቄ አስነሳ። ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎ የተገኘው የልብ ጡንቻ ያለ ልክ የሚወፍርበት፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነበር። ይህ ሕመም ክፉነቱ ብዙ ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ሰውየው ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ያሸንፋል። የወፈረው ጡንቻ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሲያዛባ፣ በተለይ በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ፣ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ሜዳ ላይ እየሮጡ ወድቀው የቀሩ ወጣት ስፖርተኞችን ታሪክ የሰማ ሁሉ፣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ይኸው ሕመም እንዳለ ይወቅ። ሐኪሞቹ ለካርል የነገሩት ግልጽ ነበር። መጫወት አብቅቷል።

የምርጫው ቀን ሲደርስ ቡድኖቹ ሁሉ ነገሩን ያውቁ ነበር። አንድ ልጅ መጫወት እንደማይችል እየታወቀ የሚመርጠው አይኖርም፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ሆኖም በመጨረሻው፣ በሰባተኛው ዙር፣ በ203ኛው ምርጫ የታምፓ ቤይ ላይትኒንግ ቡድን የዴቪድ ካርልን ስም ጠራ። ከቡድኑ ባለቤቶች አንዱ ኦረን ኩለስ ነበር ሐሳቡን ያመነጨው፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን ነገር ሕመም ሊነጥቀው አይገባም ብሎ። ከዚህ ምርጫ ታምፓ ያገኘው አንድም ጥቅም የለም። ባዶ ወረቀት ላይ የአንድ ልጅ ስም ተጻፈ፤ በቃ። በስፖርት ዓለም ካነበብኳቸው ደግነቶች ሁሉ ይህን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ዴንቨር ያደረገው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ዴንቨር ውድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የነጻ ትምህርት ዕድሉ የተሰጠው ለተጫዋቹ ካርል ነበር፤ ተጫዋቹ ካርል ደግሞ አሁን የለም። የያኔው አሰልጣኝ ጆርጅ ግዎዝዴኪ ቃላቸውን አላጠፉም። ዕድሉ እንዳለ ቀጠለ፣ ልጁም ተማሪ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ከቡድኑ ጋር እንዲቆይ ተደረገ። እኩዮቹ ጫማቸውን አስረው ወደ በረዶው ሲወጡ እሱ ወረቀትና ቪዲዮ ይዞ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ ጨዋታን ከዳር እያየ ተማረ። ለ18 ዓመት ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፤ ያም ሆኖ ሥራውን ወደደው።

ከተመረቀ በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ግሪን ቤይ ከተማ በወጣቶች ሊግ ረዳት ሆኖ ሠራ። በ2014 ወደ ዴንቨር ተመለሰ፣ በጂም ሞንትጎመሪ ሥር። ሞንትጎመሪ በ1993 የሜይን ዩኒቨርሲቲ አምበል ሆኖ በፍጻሜው የመጨረሻ ክፍል ብቻውን ሦስት ግብ አስቆጥሮ ቡድኑን ከ4 ለ 2 መመራት ወደ 5 ለ 4 ድል ያሻገረ፣ በኮሌጅ ሆኪ ስሙ የማይረሳ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ለዴንቨር የ2017ን ዋንጫ አመጡ። በ2018 ሞንትጎመሪ የፕሮፌሽናሉ የዳላስ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው ሩቅ አልፈለገም፤ ለ28 ዓመቱ ካርል ሰጠው። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ከእሱ የሚያንሱት በአራት አምስት ዓመት ብቻ ነበር። በ2022 ሚኒሶታ ስቴትን በመጨረሻው ክፍል አምስት ግብ አግብተው 5 ለ 1 አሸነፉ፤ ያ 9ኛው ዋንጫ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሴንት ፖል መጣ።

የ2023-24 ዓመቱ ዴንቨር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ተከላካይ ቡድን አልነበረም። እንዲያውም ግብ በማግባት ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ጃክ ዴቫይን ብቻውን 27 አግብቷል። ችግሩ እንደሚያገባው ሁሉ ይገባበትም ነበር። አምስት አግብቶ አራት መቀበል ለተመልካች ያስደስታል፣ አሰልጣኝን ግን እንቅልፍ ይነሳዋል። የሊጋቸውን የዓመቱን ውድድር የወሰደው ኖርዝ ዳኮታ ነበር። በመጋቢት በዚያው በሴንት ፖል አዳራሽ በተደረገው የሊጉ ማጠቃለያ ላይ ግን ዴንቨር መጀመሪያ ሴንት ክላውድን በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4፣ ከዚያ ኦማሃን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ግቡ በቀላሉ የሚመጣው እስከዚያ ድረስ ነበር።

ከዚያ ዋናው ውድድር ተጀመረ፤ ግቡም ደረቀ። በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከተማዋ ለባለ አገሩ ቡድን ቅርብ ናት፤ አዳራሹን የሞላው ደጋፊ የማን እንደነበር መናገር አያሻም። 60 ደቂቃ አልቆ 1 ለ 1። የመጀመሪያው ጭማሪ 20 ደቂቃ አልቆ 1 ለ 1። በሁለተኛው ጭማሪ ትሪስታን ብሮዝ አገባ፤ 2 ለ 1። ከሁለት ቀን በኋላ ኮርኔል፤ 2 ለ 1። በሴንት ፖል ግማሽ ፍጻሜው ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ የ17 ዓመቱ ማክሊን ሴሌብሪኒ ነበር፤ የሆቢ ቤከርን ሽልማት በማግሥቱ የወሰደ፣ በሰኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት ለፕሮፌሽናል ሊጉ የተመረጠ ልጅ። ዴንቨር እሱን ያለ ግብ አስቀረው፤ በጭማሪ ሰዓት ያው ብሮዝ አገባ፤ እንደገና 2 ለ 1። በፍጻሜው ደግሞ በሁለተኛው ክፍል ጃሬድ ራይት፣ ቀጥሎ ሪገር ሎሬንዝ አገቡ፤ 2 ለ 0።

ደምሩት። አራት ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ግብ። የገባባቸው ሦስት ብቻ። በዓመቱ ውስጥ ግብ እንደ ጎርፍ ያወርድ የነበረ ቡድን በዓመቱ ትልቁ ወር ከሁለት በላይ አንድ ጊዜም ሳያገባ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። በሆኪ መከላከል ማለት ሕመም መቀበል ነው። ተከላካዩ የተቃራኒው ቡድን ሰው ዱላውን ሲያነሳ ሸሽቶ አይደለም የሚያድነው፤ ወደ ምቱ ገብቶ፣ ተንበርክኮ ወይም ተጋድሞ፣ ጎማው እግሩን፣ ጎኑን፣ እጁን እንዲመታው ያደርጋል። ሲመታ ይጠቁራል፤ አንዳንዴም ይሰበራል። ይህን ሥራ የሚያየው የለም፤ በጋዜጣ ላይ በሚወጣው የግብ አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ግብ የለመዱ አጥቂዎችን «ዛሬ ግብ አትፈልግ፤ ሰውህን ጠብቅ፣ ጎማውን ከአደጋው ቦታ አውጣ፣ ተቀየር» ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። የሚሰሙት ያን የሚነግራቸውን ሰው ሲያከብሩ ነው። ካርል ራሱ አንድ ግብ ሳያገባ፣ አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ ለቡድን ምን ሊሠራ እንደሚችል ከ10 ዓመት በላይ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። እኔ የዚያ ወር ምስጢር ከዚህ ሌላ አይመስለኝም።

ዴንቨር እንዲህ በመከላከል ታሪክም አለው። በ2004 ሜይንን በቦስተን ሲገጥም 1 ለ 0 እየመራ፣ ሁለት ተጫዋቾቹ በቅጣት ወጡበት። ሜይንም በረኛውን አውጥቶ አጥቂ ጨመረ። ስድስት በሦስት። ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዲህ ተከላክሎ ነው ዋንጫውን የወሰደው፤ ለዩኒቨርሲቲውም ከ35 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የካርል ታላቅ ወንድም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር።

የዴንቨር ከተማ ለእኛ ሰዎች እንግዳ አይደለችም። ጎረቤቷ ኦሮራ በአሜሪካ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በሃቫና ጎዳናና በኮልፋክስ ግራና ቀኝ ምግብ ቤቶቻችን፣ ግሮሰሪዎቻችን፣ ቡና የሚቆላባቸው ቤቶቻችን ተሰልፈዋል። ከኤርፖርት የሚያወጣህ ሹፌር ሐበሻ ቢሆን አትደነቅ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ አሜሪካኖች ስለ ከፍታዋ አውርተው አይጠግቡም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ጨርሶ አይታወቀውም። ከዩኒቨርሲቲው ሕንጻዎች መካከል ወርቃማ ጫፍ ያለው ግንብ ከሩቅ ይታያል፤ ከ6 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ማግነስ አሬና ከሥሩ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በየቀኑ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ወደ ውስጥ የሚገቡት ግን ጥቂት ናቸው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሆኪ ውድ ስፖርት ነው። ጫማው፣ ዱላው፣ መከላከያው፣ የበረዶ ሜዳ ኪራዩ፣ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ መመላለሱ በሁለት ሥራ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወላጅ የሚቀመስ አይደለም። ኳስ ርካሽ ነው፣ ሩጫ ርካሽ ነው። ደግሞም አዳራሹ ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው ብዙ አይታይም። ይህ እውነት ነው፤ መደበቅ አያስፈልገውም።

ነገር ግን በዚያ የሻምፒዮና ቡድን ውስጥ ዜቭ ቡይየም የሚባል የ18 ዓመት ተከላካይ ነበር። ወላጆቹ ከእስራኤል ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ የሄዱ ስደተኞች ናቸው፤ ከባሕርና ከፀሐይ አገር ወደ ሌላ የባሕርና የፀሐይ አገር። በቤተሰቡ ውስጥ በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጆቻቸው ግን ጫማውን አጥልቀው ቀሩ። ዜቭ ከታላቅ ወንድሙ ከሻይ ጋር በአንድ የዴንቨር ቡድን ተሰልፎ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 50 ነጥብ ሰበሰበ፤ ለተከላካይ ይህ እጅግ ብዙ ነው። በጥር በዮተቦሪ ከካርል ጋር ወርቅ ወስዶ ነበር፤ በሚያዝያ ደግሞ በዚያ የተሰለፉ ጓደኞቹን ሲያስቆም አመሸ። በሰኔ ሚኒሶታ ዋይልድ የተባለው ቡድን በ12ኛነት መረጠው። የዚያ ቡድን ሜዳ ዴንቨር ዋንጫውን ያነሳበት የሴንት ፖሉ አዳራሽ ነው። ከስደተኛ ቤት የወጣ ልጅ በዚህ ስፖርት አይሆንለትም የሚል ካለ ይህን ይወቅ።

ዓመቱ በ32 ድል፣ በ9 ሽንፈትና በ3 አቻ ተዘጋ። ዴቪስ የፍጻሜው ውድድር ኮከብ ተባለ። በ2025 ጥር ካርል ሁለተኛ የወጣቶች ወርቅ አከታትሎ ወሰደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዴንቨር እንደገና ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት በዌስተርን ሚሺጋን 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም ዌስተርን ሚሺጋን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። የፕሮፌሽናል ቡድኖች የካርልን ስም ማንሳት ጀምረው ነበር። እሱ ግን ከዴንቨር ጋር አዲስ ውል ፈረመ። ለምን ብዬ ብዙ አላሰብኩም።

አሁን ለአገራችን ክለቦች፣ ለአካዳሚዎቻችንና ለአሰልጣኞቻችን አንድ ነገር ልለምን። ጉልበቱ የተቀደደ ተጫዋች፣ ጅማቱ ያልዳነ ሯጭ፣ ልቡ ላይ ነገር የተገኘበት ልጅ በየጊዜው በእጃችሁ ያልፋል። ብዙዎቹ ውላቸው እንዳለቀ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃቸው የለም። ወጣት ስታስፈርሙ ልቡን አስመርምሩ፤ ምርመራው ነው ዴቪድ ካርልን ከአደጋው ያራቀው። ሕመም ወይም ጉዳት ከተገኘበት ደግሞ ከማሰናበታችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጡት። ቪዲዮ ይመልከት፣ ታዳጊዎችን ያሰልጥን፣ ትምህርቱን ይጨርስ። ዴንቨር ይህን ያደረገለት ልጅ በ16 ዓመት ውስጥ በረዳትነት አንድ፣ በዋና አሰልጣኝነት ሁለት ዋንጫ መልሶለታል።